ስምሽ ያለበት ባነር

ባምጎል፣ ረቡዕ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2025

ለሆዴ ልጅ ለዳኦን፣

እንዴት ነሽ ብዬ ልጀምር አልኩና ተውኩት። እሁድ በስልክ ስጠይቅሽ «ደህና» ብለሽ ጨርሰሻልና ወረቀት ላይም ያንኑ እንዳትመልሽልኝ ፈራሁ። ስለዚህ ከእኛ ልጀምር። እኔ ወገቤን ነው እንጂ ደህና ነኝ። አያትሽ ከእኔ ይሻላሉ፤ ትናንት ያለ ምርኩዝ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄደው፣ የሰዉን ሁሉ በርበሬ እየዞሩ ነቅፈው ተመለሱ። ዝናቡ መጣሁ ቀረሁ እያለ ሲያሾፍብን ከርሞ አሁን ደህና ፀሐይ ወጥታለች። እኔም ግቢያችን ውስጥ በርበሬውን አስጥቼ፣ ከጎኑ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። ነገሩ መሃል ላይ ቢቋረጥብሽ ላገላብጥ ተነስቼ ነው።

ይህ ደብዳቤ በፖስታ አይመጣም። ነገ ጠዋት ራሴ ይዤው መጥቼ ለአዳሪ ትምህርት ቤታችሁ በር ጠባቂ እሰጠዋለሁ። በሳምንቱ መሃል ወላጅ እንደማይገባ አውቃለሁ፤ አልገባም። መምህርት ዮም የሚገባላችሁን ደብዳቤ እየከፈቱ እንደሚያዩም ነግረውኛል፤ ስልክ ተሸጉጦ እንዳይገባ ነው አሉ። መምህርት ዮም፣ እንግዲህ እያነበቡ ከሆነ እንደምን ሰነበቱ። ስልክ የለበትም። እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡትና ዕለቱን ለልጄ ይስጡልኝ፤ አርብ ካለፈ ምንም አይሠራላትም።

ዳኦን፣ የቅድሚያው ማመልከቻ አርብ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል። የክፍለ ሀገራችን ሕክምና ትምህርት ቤት ለዚሁ አካባቢ ልጆች ብሎ ለይቶ ያስቀመጠው ቦታ አለ፤ ባንቺ ውጤት ብታመለክቺ እንደሚወስዱሽ ማንም አይጠራጠርም። ከወሰዱሽ በኋላ ግን የእነሱ ነሽ። ኖቬምበር ላይ ትልቁን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሰማይ ጠቀስ አድርገሽ ብትሠሪው እንኳ የሌላ ትምህርት ቤት በር ማንኳኳት አይፈቀድልሽም። ይህን እኔ ለአንቺ አልነግርሽም፣ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ለአያትሽ ያስረዳሁት ትዝ ብሎኝ ነው። አንድ ጠዋት ሙሉ ፈጅቶብኛል።

«እና ከወሰዷት አይመልሷትም?» አሉኝ።

«አይመልሷትም።»

«እሷ ሐሳቧን ብትለውጥስ?»

«አመለከተች ማለት ተስማማች ማለት ነው እማማ። ልጆቹ ራሳቸው ጠለፋ ነው የሚሉት።»

«እኔም የተዳርኩት እንደዚሁ ነው» አሉ። «የተሻለ ይመጣ እንደሆነ ሳይጠብቁ ለመጀመሪያው ጠያቂ ሰጡኝ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ግን ሁለተኛው ምን ይመስል ነበር እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ።»

ሳቅሁ። ከሳቅሁ ደግሞ ቆይቼ ነበር። ሰኞ ግን ሳቁ ጠፋ።

ሰኞ ጠዋት ገና ከመኝታዬ ሳልነሳ የመንደሩ ሹም ድምፅ ማጉያውን ከፈቱ። አራተኛ ክፍል ሳለሽ በሌሊት እየጮሁ ይቀሰቅሱኛል ብለሽ አዳራሹ ድረስ ሄደሽ ተከራክረሽ አንድ ሰዓት ላይ እንዲሆን ያስደረግሽው ማስታወቂያ አሁንም አንድ ሰዓት ላይ ነው። «አህ፣ አህ፣ ይሰማል?» አሉ እንደ ልማዳቸው። በአውቶቡስ ማቆሚያው ዙሪያ በርበሬ ያሰጣችሁ መንገዱን ልቀቁ፣ አውቶቡሱ እየረገጠው ነው፣ ሹፌሩ ተቆጥቷል አሉ። ቀጥለው፣ «የታክ ዮንግጓን ልጅ ዳኦን በዚህ ሳምንት ለአገራችን ሕክምና ትምህርት ቤት ታመለክታለች፤ ሁላችሁም በሐሳባችሁ አግዟት» አሉ። እኔ ገና ምንም አልተናገርኩም፤ አንቺም ገና ምንም አላልሽም። መንደሩ ሁሉ ሰማ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ በጓሮ በኩል የመጣ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ እያለኝ አለፈ። አንዷማ እንቁላል ይዛ መጣች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መምህርት ዮም ደወሉ። ድምፃቸው ሁልጊዜ ለስላሳ ነው፤ አሁንም እያነበቡ ስለሆነ አይደለም የምለው። የልምምድ ፈተና ውጤትሽ ከፍ እያለ ነው አሉ። እንዲህ ከፍ እያለ የክፍለ ሀገር ትምህርት ቤት ቢጠልፋት ያሳዝናል፣ ትንሽ ትታገሥ፣ ኖቬምበር ላይ ሴኡል ትገባለች አሉ። ከግቢያችሁ ውጭ ግድግዳው ላይ ሴኡል የገቡት ልጆች ስም በትልልቁ ተጽፎ አይቻለሁ፤ ያንቺም እዚያ እንዲጻፍ መፈለጋቸው ገባኝ። አልፈርድባቸውም። ሥራቸው ነው።

እንግዲህ እይኝ። ሹሙ ስምሽን በመንደሩ መግቢያ በሚሰቀል ባነር ላይ ይፈልጉታል፣ መምህርትሽ ግድግዳ ላይ ይፈልጉታል። እኔ መሃል ቆሜ በየትኛውም በኩል ዞር ብል ግድግዳ ነው። አመልክቺ ካልኩሽና ኖቬምበር ላይ ትልቅ ውጤት ካመጣሽ እድሜ ልክሽን እኔን እያየሽ ትኖሪያለሽ። አታመልክቺ ካልኩሽና ኖቬምበር ላይ ዘንድሮም ከጎደለብሽ፣ ለአራተኛ ዓመት ፈተናውን ልትደግሚ እዚያው ክፍል፣ እዚያው ጠረጴዛ፣ ግራና ቀኝሽ በካርቶን ተከልሎ።

በርበሬውን አገላብጬ መጣሁ።

እሁድ ስትደውዪ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ? የቅድሚያው ምን ይሁን ብዬ ጠየቅሁሽ። «እማ፣ አንቺ ወስኚ» አልሽ። ሌላ ነገር አላልሽም። ከኋላሽ ደወሉ ተደወለ። ሌላ ጊዜ ስልኩን ቀድመሽ የምትዘጊው አንቺ ነሽ፤ አሁን ግን አልዘጋሽውም። ሰዓታችሁ አልቆ መስመሩ በራሱ እስኪቋረጥ ድረስ ዝም ብለሽ ስትተነፍሺ እሰማሽ ነበር።

ዳኦን፣ አንቺ እኮ የዓሣ ራስ የማን ነው በሚለው ነገር ከአባትሽ ጋር አንድ እራት ሙሉ የተሟገትሽ ልጅ ነሽ። ጎመኑ ጨው በዛበት ስልሽ አልበዛበትም ብለሽ፣ የጎረቤቱን ጎመን በሳህን አምጥተሽ አስቀምሰሽኛል። እንዲህ ያለች ልጅ አንቺ ወስኚ ስትለኝ ደስ አላለኝም። ደነገጥኩ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ምግብ ስበላ ምን እንደበላሁ አላውቅም።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ትናንት ከምሳ በኋላ ከአያትሽ ጋር የበርበሬ ቁንጮ እየቀነጠስን ነበር። እኔ እንደ ልማዴ ማማረር ጀመርኩ። ልጅቷ ያን ቃል ባትገባ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር አልኩ።

«የምን ቃል?» አሉ።

«በለቅሶው ቀን የገባችው ነዋ። ሐኪም እሆናለሁ ብላ በአባቷ ፎቶ ፊት።»

አያትሽ ቁንጮ መቀንጠሳቸውን አቆሙ። «በፎቶው ፊት ማን አለሽ?» አሉ። «በእኔ ፊት ነው እንጂ። በሾርባዬ ፊት።»

እኔ ያን ቀን ከፎቶው አጠገብ ተንበርክኬ ለቅሶ ደራሽ እየተቀበልኩ ነበርና ያወራሽውን አልሰማሁም። የሰማሁት ሹሙ እያለቀሱ ወጥተው፣ «ሰማችሁ? የዮንግጓን ልጅ ሐኪም እሆናለሁ አለች፣ አባቴ ሐኪም ቢኖር አይሞትም ነበር አለች» ሲሉ ነው። የለቅሶው አዳራሽ ሁሉ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ የመንደሩ ቃል ሆነ፣ የእኔም ሆነ። ዓመት ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የፔንግዊን ጠባቂ እሆናለሁ ብለሽ እንደነበር ማንም አላስታወሰም። ያንን ማንም ባነር አላሠራለትም።

አያትሽ የነገሩኝ እንዲህ ነው። ልጃቸው ከሞተ ጀምሮ አንድ ጉርሻ እንኳ በአፋቸው አላዞሩም ነበር። አንቺ የሥጋ ሾርባ በሳህን ይዘሽ ማንኪያውን እየዘረጋሽ ከፊታቸው ተቀመጥሽ። መጀመሪያ፣ «ካልበላሽ አለቅሳለሁ» አልሻቸው፤ አልበሉም። ከዚያ፣ «ብትበዪ ካልሲዬን ራሴ አጥባለሁ» አልሽ፤ አልበሉም። «ብትበዪ ከእንግዲህ ከማንም ጋር አልከራከርም» አልሽ። አልበሉም። በመጨረሻ የምትይው ነገር ሲጠፋሽ፣ «አያቴ፣ ብትበዪልኝ ሐኪም እሆንልሻለሁ» አልሽ። ያኔ አፋቸውን ከፈቱ። አባቴ አይሞትም ነበር የሚለውን አንቺ አላልሽም። ሹሙ የጨመሩት ነው።

«ካልሲዋን ግን አንድ ቀን አጥባ አታውቅም» አሉኝ ጨርሰው።

ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም ብዬ ተቆጣኋቸው፤ አማቴ መሆናቸውንም ረሳሁ። ማንም አልጠየቀኝም አሉ። ደግሞ ትምህርቱን የምትወደው መስሎኝ ነበር አሉ። ከዚያ አንድ በርበሬ እያገላበጡ ቀስ ብለው፣ «እኔኮ በልቻለሁ» አሉ። «ያን ዕለት ሳህኑን ጨርሻለሁ። ከዚያም ወዲህ ይኸው ስበላ ነው የኖርኩት። ልጅቷ እስካሁን የምትከፍለው ለምኑ ነው?»

ዓይኔን በበርበሬ እጄ አሻሸሁት። ከዚያ በኋላ ያለቀስኩት በበርበሬው ነው ብል አያትሽ እንኳ አያምኑኝም። ካልሲሽን ካላጠብሽ፣ ሐኪም ገና ካልሆንሽ፣ ከሦስቱ ቃል የጠበቅሽው አንዱን ብቻ ነው። እሱንም እሁድ ስልክ ላይ ሰማሁት።

ፊቴን ታጥቤ ወደ መንደሩ አዳራሽ ሄድኩ። ሸራችን ተቀዷል፣ የሚሰጣበት ነገር ልዋስ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱ ባነሩን ፍለጋ ነው። እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም ግን አይናገረውም። የመጀመሪያ ዓመት ፈተና ስትወስጂ ሹሙ ውጤቱ ሳይመጣ አሠርተውት ነበር፤ ውጤት ሲወጣ የከተማው ባነር ቤት ይጨናነቃል፣ ሌሎች መንደሮች ይቀድሙናል ብለው። ከበሮዎቹና ከተጣጣፊ ጠረጴዛዎቹ ኋላ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ዘርግቼ አየሁት። «የባምጎል ኩራት! የሟቹ ታክ ዮንግጓንና የሆንግ ጆንግራን ልጅ ታክ ዳኦን» ይላል፤ ከዚያ የትምህርት ቤቱ ስም የሚገባበት ባዶ ቦታ አለ፤ ከዚያ «ሕክምና በመግባቷ የተሰማንን ደስታ እንገልጻለን» ይላል። ዓመተ ምሕረቱ ላይ ነጭ ጨርቅ ተለጥፏል። በነጩ ጨርቅ ላይ ደግሞ ሌላ ነጭ ጨርቅ።

ያችን ባዶ ቦታ ቁጭ ብዬ አየኋት። ልጄ ሦስት ዓመት ሙሉ የኖረችው እዚህች ውስጥ ነው አልኩ። ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ ወጣሁ።

ዛሬ ጠዋት ግቢው ውስጥ አነጠፍኩትና በርበሬውን አሰጣሁበት። መጀመሪያ ፊደሉን ወደ መሬት አድርጌው ነበር። የአባትሽ ስም አፈር ነካው፤ አላስቻለኝም። ስለዚህ በስሙ በኩል ያለውን ጫፍ አጥፌ ከአፈሩ አነሳሁትና የቀረውን እንዳለ ተውኩት። ልክ ነው የሚበቃው፤ አንዲት ዛላ አልተረፈችም።

ሹሙ ወሬው ደርሷቸው መጡ። ሞተራቸውን አጥፍተው በሩ ላይ ቆሙ።

«የዳኦን እናት፣ ይሄ የእኔ ባነር አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«በርበሬ ላዩ ላይ ምን ይሠራል?»

«ይደርቃል።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተቆጡም። ኮፍያቸውን አውልቀው እደጃፉ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። አርጅተዋል፤ ስትመጪ ታዪያቸዋለሽ። ከዚያ፣ «ያን ቀን የነዳሁት እኔ ነኝ» አሉ። ይህን ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። አምቡላንሱ ሌላ መንደር ሄዶ ስለነበር አባትሽን በጭነት መኪናቸው ከጎናቸው አስቀምጠው ወደ ከተማው ሆስፒታል የሚወስደውን አቀበት የወጡት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ በዚያ አቀበት ሄደው አያውቁም፤ ከተማ ሲወርዱ በወንዙ በኩል ዞረው ነው። «አቀበቱ መሃል ላይ እጄን ያዘኝ» አሉ። «ከዚያ ለቀቀኝ። እዚህ አንድ ሐኪም ቢኖር ኖሮ እያልኩ ነው የምውለው።»

«በደንብ ነድተዋል» አልኳቸው። «ከዚያ በላይ የሚነዳ የለም። ያንን ቀን ግን ልጄ ልትክስልዎት አትችልም። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። አያቷን ሾርባ ልታበላ ነው ያለችው።»

ከሾርባው ነገር ምን ያህሉ እንደገባቸው አላውቅም። ጎንበስ ብለው ባጠፍኩት ጫፍ ላይ፣ የአባትሽ ስም ባለበት በኩል፣ ነፋስ እንዳይገልጠው ድንጋይ ጫኑበት። «ቀለሙ ይለቃል፣ በርበሬሽን ያበላሽብሻል» አሉ። ሞተሩን አስነስተው ሊሄዱ ሲሉ ደግሞ፣ «አርብ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ጊዜ አለ» አሉኝ። ሰው እንዲህ ነው። እኔም ከእሳቸው አልሻልም።

አልሻልም ስልሽ እውነቴን ነው። ባነሩን ስላነጠፍኩ ነጻ የወጣሁ እንዳይመስልሽ። ግማሽ ልቤ አመልክቺና ይለቅልሽ ይላል፤ በዚህ ዓመት ያልቃል፣ ነጭ ካፖርት ለብሰሽ አይሻለሁ፣ እንቅልፍ እተኛለሁ። ግማሹ ደግሞ መምህርት ዮም እንደሚሉት ትንሽ ታገሺ ይላል፤ እናት ነኝ፣ ሴኡል ሲባል ልቤ ይዘላል፤ ለምን እዋሻለሁ። ሌላም አንድ ነገር የሚል ጥግ አለው። እሱን አልጽፈውም። ደብዳቤው መጀመሪያ የሚነበበው በሌላ ሰው ነውና።

ስለዚህ እሁድ ላልሽኝ መልሴ ይኸው ነው። አልወስንም። አንቺ ወስኚ ያልሽኝን መልሼልሻለሁ። ይህን የምለው ስለማይገደኝ አይደለም፤ እየተገደልኩበት ነው። ግን ከለቅሶው ቀን ጀምሮ አንዳችን እንኳ ምን ትፈልጊያለሽ ብለን አልጠየቅንሽም። ሁላችን ሰማን እንጂ አልጠየቅንም። አሁን እኔ እየጠየቅሁሽ ነው። ሐኪምነቱን ከልብሽ የምትወጂው ከሆነ፣ ያ ሾርባ ባይኖርም ትሆኚው ከነበረ፣ እሰየው፤ ደስ ይለኛል። ያኔ ማመልከቻው የቅድሚያም ይሁን የኋላ የአንቺ ጉዳይ ነው። ማመልከት ከፈለግሽ የኮምፒውተር ክፍሉን እንዲከፍቱልሽ ንገሪያቸው። የይለፍ ቃሉ ያው የቀድሞው ነው፤ በልጅነትሽ ስም ያወጣሽለት የፔንግዊኑ ስም። አልለወጥኩትም። መምህርት ዮም፣ እርስዎ የፔንግዊኑን ስም አያውቁም፤ እባክዎ አይጠይቋት።

ደግሞ ካልፈለግሽው፣ አልፈልግም ማለትም ይቻላል። ምክንያት አልጠይቅሽም። አያትሽም አይጠይቁሽም፤ ይልቁንም «ንገሪያት፣ ሾርባው ጥሩ ነበር በያት» ብለውኛል። ሹሙን ለእኔ ተዪው። መንደሩ ለአንድ ሳምንት ያወራል፣ ከዚያ ስለ ጎመኑ ዋጋ ማውራት ይጀምራል። እንቁላሉን ላመጣችው ሴት መልሼ እሰጣታለሁ፤ ግማሹን በልተነዋል ግን።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ምንም ብትወስኚ ዝም አትበይኝ። ተከራከሪኝ። ይህን ደብዳቤ ራሱ አንብበሽ አንዱ ቦታ ላይ ተሳስተሻል በዪኝ፤ ለምሳሌ ካልሲዬን አጥቤያለሁ በዪኝ። አላጠብሽም፣ ግን በዪኝ።

ፀሐይዋ ወደ ተራራው ዘንበል ብላለች፤ በርበሬውን መሰብሰብ አለብኝ። ግማሹ ደርቋል፤ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። ቀለሙ እውነትም ትንሽ ለቋል፤ ጥቂት ዛላ ላይ ሰማያዊ አለ። ለይቼ ለራሳችን እናስቀምጠዋለን እንጂ አይሸጥም።

ልጄ፣ በምትቀመጪበት ወንበር ወገብሽን የሚደግፍ፣ በምትተኚበት አልጋ የሚያሞቅሽ አያሳጣሽ። አባትሽ ባለበት ሆኖ ይጠብቅሽ። አንቺን ከማወቃቸው በፊት ከአንቺ ብዙ የሚፈልጉ ሰዎች ሁሉ አንቺን ራስሽን የሚያውቁበት ቀን ያምጣልሽ። እኔንም ከእነሱ ጋር ቁጠሪኝ።

እናትሽ
ጆንግራን

ማስታወሻ። ነገ ከትምህርት ቤታችሁ በር ፊት ለፊት ካለችው ትንሽ ሱቅ፣ ጃንጥላ ከተተከለበት ጠረጴዛ ሥር እሆናለሁ፤ የመጨረሻው አውቶቡስ እስኪሄድ እቀመጣለሁ። ሃያ ዓመትሽ ነውና ከዚያ ለመውጣት የእኔ ፈቃድ አያስፈልግሽም፤ ያስፈልጋል ቢሉሽ ግን በፊርማ ፈንታ የምመታውን ማህተሜን ይዣለሁ። ከሰዓት በኋላ ከተማ ወርጄ የነገውን የአውቶቡስ ትኬት ቆረጥኩ። ሲሄድ አንድ፣ ሲመለስ ሁለት በል አልኩት። ትኬት ሻጩ ልጅ አየኝና ከማን ጋር ነው የምትመለሺው አለ። አላውቅም አልኩት። ካልመጣሽ አይክፋሽ፤ ወንበሩ ላይ ቦርሳዬን አስቀምጥበታለሁ።